ግማሹ የተቀባ አጥር

ከለቡ መብራት ኃይል እስከ ላፍቶ ድረስ ያገኘኸውን ሰው አቁመህ «አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ማን ይይልኝ?» ብለህ ብትጠይቅ የእኔን በር ነው የሚያሳይህ። ማስታወቂያ ለጥፌ አላውቅም። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። የእንግሊዝኛ ፊደል የለየሁት ከዘይት ጣሳ ላይ ነው። መጀመሪያ የያዝኩት የመኪና መጽሐፍ፣ አንድ ባለሱቅ ገጹን እየገነጠለ ስኳር ሊጠቀልልበት ሲል ከእጁ ያስጣልኩት ነው። ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች በኮምፒውተር ፈትሸው ያጡትን ጉድለት እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ በመቀመጫዬ በኩል በሚሰማኝ ንዝረት አውቄያለሁ። ጉራ ነው ካልከኝ ጉራ ይሁን። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ትንሽ ይፈቀድለታል።

ዛሬ ጠዋት ግን አንዲት ጠብታ ዘይት መዳፌ ላይ አርፋ የት እንዳለሁ አስረሳችኝ።

ጎረቤቴ መምህሩ ነው መኪናውን ይዞ የመጣው። ብዙ የሄደች መኪና ናት፤ መሪዋ ላይ ያለው ቆዳ እንኳ በሰው እጅ ብዛት አልቋል። «ጋሼ፣ ማርሽ ስትቀይር ትነጥራለች። የካምቢዮውን ዘይት ሙልጭ አድርገው ይቀይሩልኝ፤ የሸጠልኝ ሰው ነክቶት አያውቅም» አለኝ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳብኩና ጫፉን መዳፌ ላይ አንጠባጠብኩ። እንደ ጥቁር ጠላ የጠቆረ ነው። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ያረረ ስኳር፣ ያረረ ስኳር ሸተተኝ። «ሙልጭ» የምትለዋ ቃልና ያ ሽታ አንድ ላይ ሲመጡብኝ በሐሳብ ሄድኩ። መምህሩ ሁለት ጊዜ «ጋሼ» ሳይለኝ አልቀረም።

ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ላፍቶ ያኔ ከተማ አይደለም። ከጋራዡ ጓሮ ስትቆም የጤፍ ማሳ ነው የሚታይህ፤ ነፋስ ሲመጣ ማሳው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛና እርጥብ የአፈር ሽታ ከናፍጣው ሽታ ጋር ተደባልቆ ይገባል። የጋራዡ ባለቤት ሙያውን ከጣሊያኖች ሥር የተማረ ሽማግሌ ነበር። በዚያ ሰሞን ለእህቱ ተዝካር አገር ቤት ሲሄድ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ሲወጣ ከበሩ ተመልሶ «ስማ፣ አውቶማቲክ ከመጣ እኔ እስክመለስ እንዳትነካ» አለኝ። አውቶማቲክ ያኔ ብርቅ ነው። በሁለት ዓመት አንድ ብታይ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ብዙም አላሳሰበኝም።

በሦስተኛው ቀን መጣች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅዋን ነው፤ ሞተሩ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ያመነታል፣ ከዚያ «ዱብ» ብሎ ይይዛል። ሰማያዊ አሮጌ መኪና ጭቃውን እየረጨች በበሩ ገባች። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ አንድ ጊዜ ሞልቶ እንደገና ከዜሮ ጀምሮ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ምርኩዝ ወጣ። ቀጥሎ ቀኝ እግር። ከዚያ በልጅነት በሽታ የቀጠነ ግራ እግር። አንዲት ሴት ቀና ብላ ቆመች። የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ ረስታ እንደ መሐረብ ጣል አድርጋዋለች። የኋላው ወንበር በታጠፈ የተማሪ ልብስ እስከ መስኮቱ ሞልቷል።

«መካኒኩ አንተ ነህ?»

«ሌላ ማንን ጠበቅሽ?»

«ትልቅ ሰው ጠብቄ ነበር።»

«ትልቅ ሰው ከሆነ የምትፈልጊው ዘበኛው አለልሽ።»

ዘበኛው በሩ ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ሆኖ በሳል እስኪታፈን ሳቀ። እሷም ሳቀች። የፊት ጥርሷ መካከል ትንሽ ክፍተት ነበረች፤ ክሩን የምትበጥሰው በዚያች እንደሆነ በኋላ ነው ያየሁት።

ከዚያ ነገሩን ነገረችኝ። በግራ እግሯ ፍሪሲዮን መርገጥ አትችልም። ይቺ መኪና ግን ፔዳሏ ሁለት ብቻ ነው፣ አንድ እግር ይበቃታል። አገር ለቆ ከሚሄድ የውጭ ሰው ነው የገዛቻት፣ ሦስት ዓመት ሰፍታ። ከዚያ በፊት ቤቷ ተቀምጣ ነጋዴ እስኪመጣላት ትጠብቅ ነበር፤ የመጣው የፈለገውን ሰጥቷት ይወስዳል። አሁን የሰፋችውን ራሷ ነድታ ታስረክባለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት አሥር ቀን ነው የቀረው፤ ሁለት ትምህርት ቤት ከእሷ ልብስ ይጠብቃል።

«ይቺ ከቆመች ሌላ የምነዳው የለም» አለች፣ ኮፈኑን እንደ ሰው ትከሻ መታ መታ እያደረገች። «እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው። ታውቃታለህ አይደል?»

«እንደ መዳፌ።»

እውነቱን ልንገርህ፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያየሁት በዚያች ከስኳር ባዳንኳት መጽሐፍ ሥዕል ላይ ብቻ ነው። ከሥዕሉ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። ያኔ ሥዕሉን እንጂ ጽሑፉን ማንበብ አልችልም። የሽማግሌው ትእዛዝ ትዝ አለኝ። እሱ የሚመለሰው ደግሞ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው። እሷም ቆማ እያየችኝ ነው።

ነካኋት።

በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር ጥሩ መካኒክ የሚባለው የሞተር ዘይት ሲቀይር ሆዱን በናፍጣ የሚያጥብ ነው። ባለመኪናው ይጠራና የመጨረሻው ናፍጣ ጠርቶ ሲወርድ ያያል፤ ያ ነው ክብራችን። እኔም ለካምቢዮው ይህንኑ አደረግኩለት። አሮጌው ዘይት ጠቁሮ፣ እየሸተተ ወረደ፤ አንድ ትልቅ ጣሳ ሞላ። ናፍጣ ጨመርኩ፣ ሞተሩን ለትንሽ ጊዜ አስነሣሁ፣ አወረድኩ፤ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። መጨረሻ ላይ ጠራኋትና አሳየኋት።

«እዪው፣ እንባ ነው የሚመስለው።»

«እኔ ልብስ እንኳ እንደዚህ አላጥብም» አለች።

ልቤ ምን ያህል እንዳበጠ አትጠይቀኝ። ዘበኛው መጥቶ ጣሳው አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ልጄ፣ ይህን አሮጌውን ለአጥሬ ብትሰጠኝ? ምስጡ ቋሚዎቼን ጨረሳቸው» አለኝ። የተቃጠለ ዘይት ለምስጥ ማን ይከለክላል? «ይውሰዱት አባባ» አልኩት።

አዲሱ ዘይት ቀይ ነው። የሟሟ ከረሜላ ይመስላል። ሞላሁ፣ ሞተሩ እየሠራ ለካሁ፣ ልክ ነው። ገብታ ማርሽ ስታስገባ ሄደች። ከበሩ ወጥታ እጇን በመስኮት አውለበለበችልኝ።

ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ዳገት ላይ ስትደርስ ሞተሩ ጮኸ። እየጮኸ መኪናዋ ቆመች። እየጮኸ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሮጬ ከኋላ ትከሻዬን ሰጠሁ፤ ዘበኛው ድንጋይ ጎማው ሥር ወረወረ። ከመንገደኞች ጋር ገፍተን ወደ ጋራዡ መለስናት። ነዳጅ ብትሰጣት ታገሣለች፣ አትሄድም።

እሷ ከመሪው ላይ እጇን አላነሣችም። «ምን ሆነች?»

«አርጅታለች» አልኳት። «ዕድሜዋ ነው። ምን ይደረጋል።»

ወደ እኔ ዞር አላለችም። «ጠዋት እኮ በራሷ እግር ነው የመጣችው» አለች ቀስ ብላ።

ቤቷ በእግር ሩቅ ነው፣ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ፣ ማሳው ዳር። ላድርስሽ ብላት እምቢ አለች። ምርኩዟ ጭቃው ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ እየተወ ሄደ። ቀዳዳዎቹ ውሃ ያዙና በእያንዳንዳቸው ውስጥ ትንሽ ሰማይ ገባ። ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ዓይኔ እስከሚደርስበት ድረስ ቆጠርኳቸው። እስከ ዛሬ ጭቃ ላይ የምርኩዝ ፋና ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።

በማግሥቱ መኪናዋ ሥር ተጋድሜ ዋልኩ። ካወረድኩበት ሳሕን ጥግ ትንሽ አሮጌ ዘይት ተርፋ ነበር። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አሸሁት። እንደ ደቃቅ ዱቄት ሻከር ይላል። ከዚያ አዲሱን አሸሁ። ሳሙና ነው፣ ጣቴን ያንሸራትተዋል። ደጋግሜ አሸሁ። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ እንደ ሳንቲም ተደራርበው ያየኋቸው ክብ ክብ ስስ ዲስኮች ትዝ አሉኝ። እነሱ ናቸው እርስ በርስ ተያይዘው መኪናውን የሚያስኬዱት። የአዲስ መኪና ሲሆኑ ይይዛሉ፣ ሻካራ ናቸው። የዚህች ግን ከዘመን ብዛት ልባሳቸው አልቋል፤ ያለቀው ልባስ ዱቄት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ነው ያለው። ቆሻሻ ብዬ ያጠብኩት መያዣቸውን ኖሯል። ይህን ማንም አልነገረኝም። በሁለት ጣቴ ነው የደረስኩበት፤ እስከ ዛሬም በዚህ እኮራለሁ።

ከዚያ ጣሳው ትዝ አለኝ። የዘበኛው ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም።

ዘበኛው ጨርቅ እንጨት ጫፍ ላይ አስሮ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹን እየቀባ ነው። ሰባተኛው ላይ ደርሷል።

«አባባ! ይተዉት፣ አይቀቡ!»

«ምነው አንተ ልጅ፣ ምስጡ ነው የላከህ?»

«ዘይቱን ይመልሱልኝ።»

«ሰጥቶ መቀበል አለ እንዴ በእናንተ ቤት?»

«መኪናዋ ያለ እሱ አትሄድም፣ አባባ።»

ጨርቁን ጣሳው አፍ ላይ አጋደመና አየኝ። «የዚያች የልብስ ሰፊዋ?»

«አዎ።»

«አርጅታ ነው አላልካትም እንዴ?»

ዓይኔን ወዴት እንደምጥል ጠፍቶኝ ሰባቱን ጥቋቁር ቋሚዎች አየኋቸው። የቀሩት ነጫጭ ናቸው። ዘበኛው ረዥም ትንፋሽ አወጣና ጣሳውን በእግሩ ወደ እኔ ገፋው። «ውሰድ። የቀረውን ግማሽ አጥር በተመለከተ ግን ከምስጡ ጋር የምትነጋገረው አንተ ነህ።»

ከጣሳው ግማሽ ያህል ነበር የተረፈው። የኋላ ወንበሩ ላይ ቁራጭ ስስ ገበር አግኝቼ በእሱ ሦስት ጊዜ አጠለልኩት። አዲሱን በግማሽ ቀንሼ አሮጌውን ጨመርኩ። ሞተሩን አሙቄ ማርሽ አስገባሁ። ትንሽ አመነታች። ከዚያ፣ «ዱብ»።

ያንን ዱብታ በሕይወቴ ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ እወደዋለሁ።

ዳገቱን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ከዚያ ቀጥታ በማሳው ዳር ወደ ቤቷ ነዳሁና በሯ ላይ ጥሩምባ ነፋሁ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ግድግዳውን ተደግፋ ያለ ምርኩዝ ወጣች። መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ እጇ ላይ ጠቀለለችው፤ እንደገና ፈታችው።

«በራሷ መጣች?»

«ሌላ መካኒክ ቢነካት ኖሮ ዛሬ ቆርቆሮ ነበረች!» አልኳት።

እንዲህ ነው ያልኩት። መንገድ ላይ ሳጠና የመጣሁት ግን ሌላ የምለው ነገር ነበር።

የተማሪዎቹ ልብስ በሰዓቱ ደረሰ። ለእሷ ግን በየወሩ እንድትመጣ ነገርኳት። ትንሽ እናወርዳለን፣ ትንሽ እንጨምራለን፣ ትነጃታለሽ፤ በአንዴ ከቀየርነው ትደነግጣለች አልኳት። ይህ የማምጫ ሰበብ እንዳይመስልህ። ትክክለኛው አሠራር እሱ ነው። ከዓመታት በኋላ እንግሊዝኛ ስለምድ ያንን ከሥዕሉ ሥር ያለ ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩት፤ እኔ በጣቴ ያገኘሁትን ነው የሚለው። ሰበብም ካልከው ግን አልከራከርህም።

አምስት ጊዜ መጣች። ሁለት ሁለት ሊትር ነበር የምቀይረው። ዘይቱ መጀመሪያ ጥቁር ጠላ፣ ቀጥሎ ጠጅ፣ ቀጥሎ ቀይ ሻይ እየመሰለ ሄደ። እኔ መኪናዋ ሥር ተጋድሜ ስሠራ እሷ ሣጥን ገልብጣ ትቀመጥና ጠርዝ ትዘመዝማለች። ከመኪናው ሥር የሚታየኝ የጫማዋ ጫፍና አልፎ አልፎ የሚወድቅ ክር ነው። የከሰዓት ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ገብቶ መሬቱ ላይ እንደ ልብስ ቁልፍ የተበተነ ብርሃን ያደርግ ነበር። የተናገርነውን ሁሉ አላስታውስም። በሦስተኛው ጊዜ «ተነሥ፣ እጅህን ዘርጋ» ብላ የለካችኝን ግን አልረሳም። ቱታ ልትሰፋልኝ ነው። ሜትሩ በደረቴ ሲዞር እስትንፋሷ አገጬ ሥር ይሰማኛል፣ በሹክሹክታ ትቆጥራለች።

«አንዱ ትከሻህ ከሌላው ዝቅ ይላል።»

«ከሥራ ብዛት ነው።»

«ከጉራው ክብደት ነው» አለች፣ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች።

አምስተኛው ጊዜ ቱታውን ይዛ መጣች። ጥቁር ሰማያዊ ነው። ዝቅ ላለው ትከሻዬ ከውስጥ ትንሽ ድርብ ጨርቅ አድርጋለት ሁለቱ እኩል ሆኑ። አንዲት ክር ቀርታ ነበርና ለብሼው ቆሜ እሷ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ የኪሱን ጠርዝ ትጨርሳለች። ዘይቱን አይቼዋለሁ፤ ቀይና ጥሩ ነው። ማርሽ ስትቀይርም ዱብታዋ ጠፍቷል።

«የዘበኛው አጥር» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ። «በዚያ ሳልፍ አያለሁ። ለምንድን ነው ግማሹ ብቻ የተቀባው?»

ዘበኛው በሩ ላይ ሳሉን ሲውጠው ሰማሁ። መርፌዋ አንድ ጊዜ ገብታ ወጣች። ጊዜ ነበረኝ። ብዙ ጊዜ ነበረኝ።

«ዘይት አልቆበት ይሆናል» አልኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እሺ» አለች። መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች፣ ምርኩዟን ያዘች። «እንግዲህ ዘይቱ ከጠራ ለምን እመጣለሁ?»

«ምንም አያስፈልግሽም። አሁን ዓመት ትሄዳለች።»

ዳገቱን ስትወጣ ቆሜ ሰማሁ። ማርሹ እንደ ቅቤ ነው የተቀየረው። እንዴት አድርጌ እንደሠራሁት እየተደነቅኩ ጆሮዬን ለካምቢዮው ስሰጥ፣ እጇን በመስኮት ታውለበልብ እንደሆነ ሳላይ ቀረሁ።

ዓመት ጠበቅኩ። አልመጣችም። ወደ ክፍለ ሀገር፣ ወንድሟ ዘንድ ሄዳ እዚያ ሱቅ እንደከፈተች የነገረኝ ዘበኛው ነው። አጥሩ ሥር ተቀምጠን ነበር። ነጫጮቹ ቋሚዎች እስከ ጉልበታቸው ተበልተዋል፣ ሰባቱ ግን እንዳሉ ቆመዋል።

«እኔ ነግሬያታለሁ» አለኝ። «ገና የመጀመሪያው ሳምንት።»

«ምኑን?»

«ምኑን ይለኛል! ዘይቱን ነዋ። አልተቆጣችም። ‹ራሱ እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ› ነው ያለችው።»

አሁን ያ አጥር የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ የሞባይል መሸጫ ነው። የጤፉ ማሳ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። ቱታው አለ፤ ሆዴ ላይ አይቆለፍም፣ ትከሻው ግን አሁንም እኩል ያደርገኛል።

መዳፌን በጨርቅ ጠረግኩና መምህሩን «ሙልጭ አይደረግም» አልኩት። «ዛሬ ሁለት ሊትር። በወሩ ተመለስ። እንዲህ አምስት ጊዜ።»

«ለምን ጋሼ? በአንዴ አይሻልም?»

«አንድ ጊዜ በአንዴ አድርጌ የሰው መኪና አበላሽቻለሁ።»

የቀልዴን መስሎት ሳቀ። «እርስዎ?»

«እኔ።»

እንግዲህ ያሳካሁትን ልቁጠርልህ። አስተማሪ ሳይኖረኝ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ። አበቃላቸው የተባሉ ስንት ካምቢዮዎች እንዳስነሣሁ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ ከዚያች ወዲህ አንዱንም በናፍጣ አላጠብኩም። የዘይትን ዕድሜ በሁለት ጣት አሽቼ እናገራለሁ፤ ይህን የሚችል ሌላ ካለ ይምጣ። አንዲት ሰማያዊ መኪና ዳገት አውጥቻለሁ። ለሁለት ትምህርት ቤት ተማሪዎች አዲስ ልብስ በሰዓቱ እንዲደርስ አድርጌያለሁ። ሰባት የባሕር ዛፍ ቋሚዎችን ከምስጥ አድኛለሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ፣ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብያለሁ፤ በአፌ፣ ጮክ ብዬ፣ ለመምህሩ።